የባለቤቴ ግምት፦ ስለ አንዲት የውድድር መኪና ጅግጅጋ የሄድኩበት ሳምንት

ይህን የምጽፈው ከጅግጅጋ ከተመለስኩ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቶሎ መጻፍ አልችልም። አንዳንድ ቀን ግማሽ ገጽ ጽፌ እተወዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን የትናንቱን ብቻ አንብቤ ደብተሩን እዘጋለሁ። መንገዱን ላላዩትና ምናልባትም ለማያዩት ጎረቤቶቼ፣ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አብረውኝ ለሚሠሩትም ብዬ ከመነሻው እስከ መመለሻው በተራ አስቀምጬዋለሁ። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሐዘንሽ ሳይወጣ ለመኪና ብለሽ ያን ያህል አገር ሄድሽ?» አዎ፣ ሄድኩ። ያውም ላላየኋት መኪና።

ባለቤቴ ጌታሁን ጅግጅጋ ፊዚክስ ሲያስተምር አሥራ ሰባት ዓመት ኖረ። እኔ ልጃችንን ምሕረትን ይዤ አዳማ ቀረሁ። ለክረምትና ለበዓል እሱ ይመጣ ነበር እንጂ እኔ አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም። ባለፈው ክረምት እንደመጣ ታመመ፤ ጥቅምት ላይ አረፈ።

በጅግጅጋ አራት ጓደኛሞች ነበሩ። በየሳምንቱ በአንድ የመለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ጓዳ ተሰብስበው፣ ገና ስላልወጣች አንዲት ፈጣን መኪና ይከራከራሉ። አውሮፓ ያለ አንድ ፋብሪካ በድብቅ የሚሠራት፣ በጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ወረቀት ተሸፍና መንገድ ላይ ስትሞከር ብቻ ፎቶ የተነሣች መኪና ነች። ከዱባይ ዕቃ የሚያመጡ ነጋዴዎች የመኪና መጽሔት በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል ያስገቡላቸዋል። ፊቷ ሽፍን ስለሆነ «አሮሳድ» አሏት፤ በሶማሊኛ ሙሽራ ማለት ነው። ጌታሁን ለእረፍት ሲመጣ ምሳ ላይ ስለ አሮሳድ ሲያወራኝ እሺ፣ እሺ እያልኩ ወጥ እጨምርለት ነበር። አሁን ይቆጨኛል።

የካቲት መጨረሻ ላይ ስልክ ተደወለ።

«አባዮ ትርሲት ነሽ? አብዲ ነኝ፣ ከጅግጅጋ። የመዓሊን ጓደኛ።» አባዮ እህት እንደማለት ነው፤ መዓሊን ደግሞ አስተማሪ።

«ነኝ» አልኩ። ቀዝቀዝ ብዬ ነው የመለስኩለት። ለለቅሶው ከጅግጅጋ ማንም አልመጣም ነበርና።

«አሮሳድ ትናንት ተገለጠች። ሽፋኗን አነሡላት። እኛ ግን አላየናትም።»

«ለምን አላያችኋትም?»

«የመዓሊን ወረቀት ስላልተከፈተ።»

ነገሩን አስረዳኝ። ባለፈው ሰኔ አራቱም የየራሳቸውን ግምት በወረቀት ጽፈው አሽገዋል፤ ሞተሯ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ጉልበቷ፣ ክብደቷ፣ ቆማ ተነሥታ በስንት ሰከንድ መቶ ኪሎ ሜትር እንደምትገባ፣ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ለሚሮጥበት የሃያ አራት ሰዓት ውድድር ትሰለፍ አትሰለፍ እንደሆነ። ወረቀቶቹ በአንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። ደንቡ ደግሞ ይህ ነው፦ ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ካልቀረበ ወረቀቱ ሳይነበብ ይቃጠላል፤ ቀርቦም «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ካልሰጠ አይቆጠርለትም። ያለ ምክንያት የሚጣል ቁጥር ዕጣ ነው እንጂ ግምት አይደለም ብሎ ደንቡን ያወጣው ራሱ ጌታሁን ነው።

«ሦስት ሳምንት እንጠብቅሻለን» አለ አብዲ። «ከዚያ በላይ አንችልም፤ ሰው ነን። አንቺም ከዛሬ ጀምሮ ቴሌቪዥን እንዳታዪ። ያወቀ ሰው ወኪል አይሆንም።»

ስልኩን ዘጋሁ። ጌታሁን ጤነኛ ሳለ የመጨረሻ የጻፈው ነገር እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። እኔ አላነበብኩትም። ካልሄድኩ ማንም አያነበውም። ስለ መኪና የማውቀው ደግሞ አራት ጎማ እንዳላት ነው።

ማክሰኞ

ከአዳማ ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን። በቦርሳዬ ጌታሁን ስለ አሮሳድ ይጽፍበት የነበረውን ሰማያዊ ደብተር ይዣለሁ። ምሕረት ስኳር የበዛበት ሻይ በፔርሙስ አስይዛኝ «ስትደርሺ ደውዪ፣ ስትመለሺም ቀድመሽ ንገሪኝ» ብላ አሰናበተችኝ።

አዋሽን እስክንሻገር ድረስ አገሩ የእኛው ነው፤ ሙቀቱም አቧራውም። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፤ አሰበ ተፈሪ ስንደርስ ነጠላዬን አጥብቄ ለበስኩ። ምሳ እዚያ በላን። ሽሮው ከእኛ ቤት ሽሮ የቀጠነ ነበር፤ አስተናጋጇ ግን ጥቁር ልብሴን አይታ ሳልጠይቃት ሌላ ጭልፋ ጨመረችልኝ።

ከሂርና እስከ ቁልቢ ደብተሩን አነበብኩ። የጌታሁን ጽሑፍ ለተማሪ እንደሚጽፍ ጥርት ያለ ነው። «ሲሊንደሯ ስድስት ነው» ይላል። «አብዲ አሥራ ሁለት የሚለው ድምፁን ስለሚወድ ነው። ጎኗ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ተመልከት። አየር የሚገፋለት ተርቦ የሌለው ሞተር ይህን ያህል አየር ምን ያደርግለታል? ሁለት ተርቦ አላት፤ የተርቦው ሙቀት መተንፈሻ ይፈልጋል። ሃያ አራት ሰዓት የሚሮጥ ሞተርን ከጉልበቱ ይልቅ ሙቀቱን መቻሉ ነው የሚያዋጣው።» ይህንን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስተኛው ገባኝ።

ሌላው ግን አልገባኝም። «ውድድር እንደምትገባ የጎማዋ ቸርኬ ይናገራል። መሃል ለመሃል አንዲት ዳዶ ብቻ።» አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በእርሻ መሣሪያ ጋራዥ እንደሚሠራ ነግሮኝ ስለነበር ዳዶ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ቡሎን የሚያጠብቀው ነው፣ እትዬ። ጎማ የሚታሰርበት።»

«አንድ ቢሆን ምን ልዩነት አለው?»

«አንድ? ጎማ በአንድ ዳዶ ማን ያስራል? ይወልቅብዎታል!» ብሎ ሳቀብኝ። ደብተሩን ዘጋሁት።

ሐረር ሲመሽ ገባን። ያረፍኩበት ሆቴል ንጹሕ ነው፤ እንደ አዳማ ሆቴሎች ሙዚቃ የለበትም። እራት ልበላ አዳራሹ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ስፖርት ማሳየት ጀመረ፤ አንዲት ቀይ፣ ዝቅ ያለች መኪና በመድረክ ላይ ስትዞር አየሁ። ሌላ ሳላይ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ፤ በሁለት ጣቴም ጆሮዬን ደፈንኩ። አስተናጋጇ ሮጣ መጣች። «አይዞዎት እናቴ፣ አይዞዎት» ብላ ትከሻዬን ታቅፈኝ ጀመር። ሐዘኑ የተነሣብኝ መስሏታል። ማስረዳቱ ስለከበደኝ ታቅፌ ቆየሁ። ሾርባውንም ክፍሌ ድረስ አመጣችልኝ። ማወቄ እንዳይቆጠርብኝ ፈርቼ ቀይ መሆኗን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ አሁን ግን ይኸው።

ረቡዕ

ሐሰን የሚባለው ከአራቱ አንዱ ነው፤ የሐረርና የጅግጅጋ ሚኒባስ ሹፌር። አብዲ ልኮት ከሆቴሉ በር ወሰደኝ። ቀጭን፣ ተጫዋች ሰው ነው። ከፊት ወንበር አስቀምጦኝ ገና ከከተማ ሳንወጣ ጀመረ።

«መዓሊን ስድስት ሲሊንደር ነው የሚል ነበር። አባዮ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ቤት ውስጥም እንዲህ ግትር ነበር?»

«ከዚህም ይብስ ነበር።»

«እኔ ስምንት ነው ያልኩት። ስምንት መሃል ነው፤ መሃል ላይ የቆመ አይወድቅም።»

«ለምን?» ስለው አንገቱን አዙሮ አየኝ። «ወላሂ፣ እሱን መሰልሽ» አለ።

ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዛልኝ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በቋጥኝ መሃል ይሄዳል፤ ሰው በእጁ እንደደረደራቸው አንዱ በአንዱ ላይ የቆሙ ትልልቅ ድንጋዮች። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ድንጋዮቹ ብዙ ይጽፍ ነበር። እኔ የማስታውሰው ካራማራ ዳገት ላይ የኋላ ጎማችን መፈንዳቱን ነው።

ሁላችንም ወረድን። ሐሰን መፍቻውን አውጥቶ መፍታት ጀመረ። ስድስት ዳዶ ነው። አምስቱ ወጡ፤ ስድስተኛው ዝጎ እምቢ አለ። ዘይት አንጠባጠበበት፣ በእግሩ ቆመበት፣ ተሳፋሪው ሁሉ በየተራ ሞከረ። አንዲት ወፍራም ነጋዴ ሴት «ዋርያ፣ አንተ ሐሰን፣ ጎማው አንተን ከሚጠብቅ ብናገባህ ይሻል ነበር፤ ሚስት ትፈታው ነበር» ብላ ሁሉንም አሳቀች። እስኪፈታ ወደ አርባ ደቂቃ ያህል ሄደ። እኔ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ሐሰን ፈትቶ ያስቀመጣቸውን ዳዶዎች በጣቴ እቆጥራለሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ድንገት ተነሣሁ።

«ሐሰን፣ በውድድር ላይ ጎማ ይቀየራል?»

«ይቀየራል እንጂ! ሃያ አራት ሰዓት በአንድ ጎማ ይኬዳል?»

«ያኔ መኪናዋ ቆማ ትጠብቃለች?»

«ቆማ ትጠብቃለች፤ ሌሎቹ ያልፏታል።»

ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ የዳዶዋን ገጽ ገለጥኩ። ጌታሁን አጠገቤ ተቀምጦ እስኪገባኝ የጠበቀኝ ያህል ተሰማኝ። ከአዳማ ከወጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህንን ወረቀት አስከፍታለሁ ብዬ አመንኩ።

ከካራማራ ሲወርዱ ጅግጅጋ ሜዳው ላይ ተዘርግታ ትታያለች። አዳማ በተራራ መሃል ነች፤ ይኼ ግን ዓይን የሚይዘው ነገር የሌለበት ሜዳ ነው፤ ነፋሱም ማቆሚያ የለውም። ከሚኒባሱ ስወርድ ነጠላዬን ሊወስድብኝ ነበር። በየቦታው ያላለቀ ፎቅ፣ ባጃጅ፣ ፍየል፣ ጠረጴዛ ላይ የተከመረ ብር። የሴቶቹ ልብስ ቀለም ብዛት ከእኔ ጥቁር ጋር ሲተያይ አሳፈረኝ።

አብዲ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ረጅም፣ ጢሙን በሒና ያቀላ ሰው ነው። «እርስዎ» ስለው ሳቀ። «አንተ በይኝ። መዓሊንም እንደዚያ ነበር የሚለኝ።» ከዚያ ሳቁን ተወና መሬት መሬት እያየ እንዲህ አለ፦ «ታኅሣሥ ላይ እመለሳለሁ ብሎን ነበር። እስከ ታኅሣሥ ጠበቅነው። የሰማነው አርባው ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ መጥተን ቁስልሽን መንካት ነውር መሰለን። ተሳስተናል።» ይቅር አልኩት። ከልቤ ነው።

ቤቱ አሳረፉኝ። ሚስቱ ሆዳን በፈገግታዋና በዓይኗ የምትናገር ሴት ነች። ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረበችልኝ፤ ሙዝ አብሮ ይበላል። እኔ ሙዙን ለመጨረሻ ሳስቀምጠው ከእጄ ወስዳ ቆራርጣ ሩዙ ውስጥ ጨመረችው። አዳማ ብነግራቸው ይስቃሉ፤ ግን ይጣፍጣል። ልብሴን ዳሰስ አድርጋ «እኛ ባል ሲሞት ነጭ ነው የምንለብሰው» አለችኝ። «አራት ወር ከአሥር ቀን። ከዚያ እናወልቃለን።» ጌታሁን ካረፈ ከዚያ በላይ ሆኖታል። እኔ ዓመት መልበስ እንዳለብኝ ነገርኳት። «ዓመት ረጅም ነው» አለች።

አንድ ነገር ግን አብዲ ወጣ ሲል በሹክሹክታ ነገረችኝ። «እኔ አሮሳድን አይቻታለሁ።»

«ምን?»

«እኔ እኮ ወረቀት አልጻፍኩም። ሁሉን ቁጥር በልቤ ይዤዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው፤ አብዲ በቀን ሦስት ጊዜ ፊቴን ያነባል።» አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች። «የሚወደውን ሳበስል 'አሥራ ሁለት ነው ማለት ነው' ይላል። ሳላበስል 'ስድስት ነው' ብሎ ያዝናል።»

ሐሙስ

ቆርቆሮው ጅግጅጋ አልነበረም። እንዳይጭበረበር ብለው አውበሬ ለሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሰጥተውታል፤ ዋርሳሜ ይባላሉ፤ የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። «ፈጣን መኪና ስለሚጠሉ መረጥናቸው» አለኝ አብዲ። በፒክአፑ አብረን ሄድን።

ከከተማ እንደወጣን መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። አብዲ አንድ ቦታ ላይ አቆመና ወረድን። ሁለት የስልክ እንጨቶች ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ በመካከላቸው ሌሎች ቀለም የሌላቸው አሉ።

«መዓሊን በገመድ ለካው» አለ። «ከዚህኛው እስከዚያኛው። ዓርብ ዓርብ እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መኪና በሰዓት ይይዝ ነበር። ይህችኑ ፒክአፕ ባዶዋን ያስነዳኝና ይይዛል፤ ከዚያ ስሚንቶ ጭነን በድጋሚ። 'አብዲ፣ አንድ ኩንታል ስንት ሰከንድ እንደሚበላ አሁን አወቅን' ይለኛል። ሰዉ አብደዋል ይለን ነበር።»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ለሰው መቀመጫ የሚሆን ለስላሳ ድንጋይ ነው። ዓርብ ቀን ሲደውልልኝ ከጀርባው የሚሰማኝ ነፋስ ይህ ነበር፤ «የት ነህ?» ስለው «ሥራ ላይ» ይለኛል። እንጨቱን ቀረብ ብዬ ሳየው ቀለሙ አዲስ ነው።

«ማን ቀባው?»

«ነፋሱ እየላጠው ነበር» አለ አብዲ፣ ወደ ሌላ እያየ። «ባለፈው ወር አደስኩት።»

አውበሬ ፀሐይዋ ከጅግጅጋ ትበረታለች። ዋርሳሜ በዛፍ ጥላ ተቀምጠው ጠበቁን። የግመል ወተት አቀረቡልኝ፤ ጭስ ጭስ የሚል፣ እንደ እኛ እርጎ የማይረጋ። ጨርሼ ስጠጣው ደስ አላቸው።

«ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት በዝግታ ነድቻለሁ» አሉኝ። «ያለፈኝን ሁሉ ወደ ማታ መንገድ ዳር ጎማ ሲቀይር አገኘዋለሁ። ባልሽን ይህንን ብነግረው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'አደር፣ አጎቴ፣ እነሱ ጎማ የሚቀይሩት በጥቂት ሰከንድ ነው' አለኝ። ዋሸ።»

«አልዋሸም» አልኳቸው። «አንዲት ዳዶ ነች።» የራሴን ድምፅ ስሰማ ገረመኝ።

ቆርቆሮውን ከሳጥናቸው አምጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ለአብዲ አልሰጡትም። «አማና ነው፤ አደራ። ከሟቹ ቤት ሰው ሲመጣ ለእሱ ነው የሚሰጠው።»

ችግሩ የመጣው ስንመለስ ነው። አውበሬ ገበያ ዳር ሻይ ልንጠጣ እንደቆምን አንድ ከውጫሌ የመጣ ነጋዴ ከሩቅ እጁን እያወናጨፈ መጣ። «አብዲ! አሮሳድን አየሃት? ወላሂ፣ ቆማ ተነሥታ በሁለት ነጥብ...»

አብዲ ብርጭቆውን ጥሎ ፒክአፑ ውስጥ ገባና ክላክሱን ተጭኖ ያዘው። እኔ ቆርቆሮውን በጭኔ፣ ጆሮዬን በነጠላዬ ይዤ ተጎነበስኩ። ፍየሎች ተበተኑ፣ ገበያው በሙሉ ቆሞ አየን። ነጋዴው የሚጮኸው አፉ ብቻ ይታያል። ከከተማው እስክንወጣ ድረስ አብዲ እጁን ከክላክሱ አላነሣም።

«ሰማሽ?» አለኝ።

«ሁለት ነጥብ ድረስ።»

«እኔም። እንግዲያ ሦስት አልሞላችም ማለት ነው!» ብሎ መሪውን በደስታ መታው። ጌታሁን በደብተሩ የጻፈው ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ነበር፤ ስለዚህ እኔም ዝም ብዬ ደስ አለኝ።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሱቁ ጓዳ ተሰበሰቡ። ግድግዳው ላይ የፍሬን ሸራና የራዲያተር ጎማ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሐሰን ጫቱን ይዞ ገባ። አራተኛው ዓለሙ ነው፤ ከደሴ ተመድቦ የመጣ ፋርማሲስት፣ ቁጥብ ሰው። ሁሉም መሬት ሲቀመጡ ጥግ ላይ አንድ አረንጓዴ የፕላስቲክ ወንበር ቀረ። ጌታሁን ጉልበቱን ስለሚያመው ለእሱ ብቻ የገባ ወንበር ነው። አብዲ በእጁ ጠረገውና ተቀመጥኩ። ሆዳን በሩ ላይ ቆመች፤ ዳኛዋ እሷ ነች።

መጀመሪያ የሦስቱ ተከፈተ። አብዲ፦ አሥራ ሁለት ሲሊንደር፣ አንድ ሺህ የፈረስ ጉልበት፣ ሁለት ነጥብ አራት ሰከንድ፤ ለውድድር ትሰለፋለች፣ በመጀመሪያው ዓመት ታሸንፋለች። «ለምን?» ሲሉት «እንዲህ ያለች ሙሽራ ሁለተኛ ለመውጣት አትዳርም» አለ። ሐሰን ስምንት፣ ውድድር አትገባም አለ፤ ወጪው አያስችልም። ዓለሙ ስድስት፣ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ጉልበት፣ ትሰለፋለች ግን መቼም አታሸንፍም አለ።

ከዚያ የእኛ። ማኅተሙን እኔ ራሴ ቀደድኩት። የጌታሁን እጅ ጽሑፍ ነው። ቀስ ብዬ አነበብኩ፦ «ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለት ተርቦ፣ የኤሌክትሪክ ረዳት ሞተር። ጉልበት ስምንት መቶ ሃምሳ። ክብደት አንድ ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሰከንድ። ለሃያ አራት ሰዓቱ ውድድር ትሰለፋለች።» ከታች ሌላ መስመር ነበር፤ ዓለሙ ግን እጁን አነሣ።

«መልስ ይቅደም። ለምን ስድስት?»

የጎኗን ቀዳዳ፣ የተርቦውን ሙቀት፣ ሃያ አራት ሰዓት መሮጥን ነገርኳቸው። ዓለሙ ራሱን ነቀነቀ።

«ለምን ትሰለፋለች?» አለ አብዲ።

«ጎማዋ በአንዲት ዳዶ ስለሚታሰር።»

«እሷ ለውበት ብትሆንስ?»

«ሐሰን ረቡዕ ካራማራ ላይ ስድስት ዳዶ ሲፈታ አርባ ደቂቃ ፈጅቷል። አንዲት ብትሆን ኖሮ ምሳ እዚህ እንበላ ነበር። ጎማዋን በአንድ ዳዶ የሚያስር ፋብሪካ የሚቸኩልበት ቦታ አለው።»

«ዋርያ! እኔን ምን አመጣኝ!» ሲል ሐሰን ጓዳው በሳቅ ተሞላ። አብዲ ሳይወድ በግዱ «ተከፍቷል» አለ። ቃሉ እንደዚያ ነው፤ መልሱ ተቀባይነት ካገኘ ወረቀቱ ተቆጠረ ማለት ነው።

ሆዳን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች። ሦስት ሳምንት የያዘችውን በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለት ተርቦ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አላት። ጉልበቷ ዘጠኝ መቶ አርባ። ክብደቷ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና። ሁለት ነጥብ አምስት ሰከንድ። ፋብሪካው በሚመጣው ዓመት ለሃያ አራት ሰዓቱ ውድድር እንደሚያሰልፋት አስታውቋል።

በሰከንዱ አብዲ ቀረበ፣ በጉልበቱ ዓለሙ። ሞተሩን በሙሉ ያወቀው ጌታሁን ነበር። አብዲ ግንባሩን ይዞ «አሥራ ሁለት እኮ ይዘምር ነበር» አለ፣ እንደ ሐዘንተኛ።

«ወረቀቱ አላለቀም» አልኳቸው። የታችኛውን መስመር አነበብኩ፦

«በመጀመሪያው ዓመት አትጨርስም። በሦስተኛው ዓመት ታሸንፋለች። እስከዚያ ወኪሌ ባለቤቴ ትርሲት ናት። ካልተስማማች ታርመው።»

ይህ የተጻፈው ሰኔ ላይ ነው። ሰኔ ላይ ጤነኛ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እሱ ግን ከዚያ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

«ሦስተኛ ዓመት ይጻፍ?» አለ አብዲ በለሰለሰ ድምፅ።

ጌታሁን ቅዳሜ እመጣለሁ ካለኝ ዓርብ ይደርሳል። መንገድ ላይ ቢቆይ እንዳልጨነቅ ብሎ ሁልጊዜ አንድ ይጨምራል። ለአሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ነው የጠበቅኩት፤ ከሚነግረኝ አንድ ቀንሼ ነው ወጥ የምሠራው። ነሐሴ ላይ «ሐኪሙ ሦስት ወር ሰጥቶኛል» ሲለኝ ብቻ መቀነስ አቃተኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ አረፈ።

«አይደለም» አልኩ። «ሁለተኛ ዓመት ብላችሁ ጻፉ።»

«ለምን?»

«ጌታሁን ሦስት ካለ ሁለት ነው። አውቀዋለሁ።»

አብዲ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ሆዳንን አየ፤ ዘጋው። «ተከፍቷል» አለ። እስክሪብቶ ሰጡኝ፤ «ሦስተኛ» የሚለውን በአንድ መስመር ሠርዤ ከላዩ «ሁለተኛ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥር ፈረምኩ። ቆርቆሮው ተዘጋ፤ ለዋርሳሜ እንዲመለስ ሐሰን ተቀበለው።

«እንግዲህ በሁለተኛው ዓመት መምጣትሽ ነው» አለኝ ዓለሙ።

«በመጀመሪያውም እመጣለሁ። ስትሰበር ማየት አለብኝ።»

«አትሰበርም!» አለ አብዲ፤ እንደገና ክርክር ተጀመረ። እኔም አረንጓዴው ወንበር ላይ ሆኜ ተከራከርኩ።

ቅዳሜና እሁድ

ሆዳን በጠዋት ለመንገድ የሚሆን ሥጋና ሩዝ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ሙዙንም አልረሳችም። ከላዩ አንድ ሰማያዊ ሻሽ አስቀምጣበታለች። «ዓመቱ ሲሞላ» አለችኝ። ሐሰን እስከ ሐረር አደረሰኝ፤ ስድስተኛውን ዳዶ እንደቀየረው ካራማራ ላይ አቁሞ አሳየኝ።

ከሐረር ለምሕረት ደወልኩ።

«መቼ ትደርሻለሽ እማ?»

«ሰኞ» አልኳት።

እሁድ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የቤታችንን በር አንኳኳሁ። ምሕረት ከፍታ ደርቃ ቀረች።

«ሰኞ ብለሽኝ አልነበረም እንዴ? ገና ምንም አልሠራሁም እኮ!»

«ከዛሬ ጀምሮ» አልኳት፣ ቦርሳዬን እያቀበልኳት፣ «አንድ እየቀነስሽ ጠብቂኝ።»